ጀሪካኑን ማን ያንሳው?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጅማን አልፎ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቦንጋ የገባ ፎቶ አንሺ፣ በአንድ የካፋ ገበሬ ግቢ ቆሞ ከሰላምታ ቀጥሎ ምን እንደሚል ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «አባቴ፣ ይቺን ጀሪካን ትንሽ ዞር ያደርጉልኛል?» ነው የሚለው። ጀሪካኗ ቢጫ ናት፤ ዱሮ የምግብ ዘይት ነበረባት፣ ዛሬ ውሃ ታመላልሳለች፤ ከጎተራው እግር ሥር የተቀመጠችውም ለፎቶ ብላ ሳይሆን ከምንጭ መልስ ማረፍ ስላለባት ነው። እሷ ስትነሳ ተራው የልብስ ማስጫው ገመድ ይሆናል። ከዚያ የዲሹ ሳህን። ከዚያ አጥር ላይ የተሰጣው የእግር ኳስ ማሊያ። መጨረሻ ላይ ምስሉ ውስጥ የሚቀሩት አንድ ሳር ቤት፣ አንድ ጎተራ፣ ጥቂት የእንሰት ቅጠልና ጭጋግ ናቸው። ፎቶውም «ጥንታዊው የካፋ ኑሮ» ተብሎ በሆቴል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ጥንታዊነቱ የግማሽ ሰዓት የጽዳት ሥራ ውጤት መሆኑን የሚያውቁት ባለቤቱና ጀሪካኗ ብቻ ናቸው።

ሌላም ዓይነት ፎቶ አንሺ አለ። እሱ ጀሪካኗን አያስነሳም፤ እንዲያውም ወደፊት ጠጋ ብትልለት ደስ ይለዋል። ከፕሮጀክት ጋር የመጣ ነው። ለሪፖርቱ የሚፈልገው የዘመመ ምሰሶ፣ የሳሳ ክዳን፣ ከተቻለም በባዶ እግሩ የቆመ ሕፃን ነው። ከዓመት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ቤት ቆርቆሮ ለብሶ ያነሳውና ሁለቱ ፎቶዎች «ከዚህ በፊት» እና «ከዚህ በኋላ» ተብለው ጎን ለጎን ይታተማሉ። የመጀመሪያው ሰውዬ ቤቱ እንዳይለወጥ ይለምናል፣ ሁለተኛው ቶሎ እንዲለወጥ ይቸኩላል፤ ሁለቱም ግን ቤቱን የሚፈልጉት ለሌላ ጉዳይ ምስክር እንዲቆምላቸው ነው። የኔ ሙግት እዚህ ላይ ነው። የገበሬን ቤት፣ ጎተራና በረት ባለቤቱን ምንም ሳያስቸግር የሚያነሳ አንድ ዓይነት ፎቶ ብቻ አለ፤ እሱም ቤት መሆኑ እስኪጠፋ ድረስ ተጠግቶ የሚነሳው ነው። አዋቂዎቹ አብስትራክት፣ አንዳንዶቻችን ረቂቅ፣ አጎቶቻችን ደግሞ «ካሜራው ተበላሽቶ ነው?» የሚሉትን ማለቴ ነው።

ነገሩን ከክዳን እንጀምረው። ሳር ክዳን ማማሩን የሚክድ የለም፤ አጥብቀው የሚያደንቁት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ያልከረሙ ሰዎች ናቸው። ሳሩ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል፣ ይከደናል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይበሰብስና ነገሩ ከማጭድ ይጀምራል። ካፋ ደግሞ ከአገራችን ዝናብ ከጠገቡ አካባቢዎች አንዷ ናት። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ የሚወርድባቸው ቦታዎች ጥቂት አይደሉም፤ ዝናቡም ሰኔ ገብቶ መስከረም ላይ የሚያቆም ሳይሆን የዓመቱን አብዛኛውን ወር የሚጎበኝ ነው። ስለዚህ ቡና ዋጋ ባወጣ ዓመት ገበሬው መጀመሪያ የሚያስበው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው ይጮኻል፣ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ግን አያፈስም፣ ከምድጃ የተፈናጠረ እሳት አያስፈራውም፣ ልጅ ለመዳርም ያኮራል። ይህን ሰው «ባህልዎን ይጠብቁ» ብሎ በሳር ቤት እንዲቆይ የሚመክረው ፎቶ አንሺ ግን፣ አዲስ አበባ ሲመለስ ሳር ቤት ሰፈር ቢከራይ እንኳ ሳር ቤት ውስጥ አይገባም።

ሙሉ ቤት የሚያሳይ ፎቶ ሁሉ ይህን ጣጣ አስከትሎ ይመጣል። ሳር ነው ቆርቆሮ? ድሮ ነው ዘንድሮ? ያለው ነው የሌለው? ዓይናችን ቤቱን በቅጡ ሳያይ ባለቤቱን መመደብ ይጀምራል። ካሜራው ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ሲጠጋ ግን ምደባው ይቆማል፤ የሚመደብ ነገር ጠፍቷልና። ቆርቆሮው ቆርቆሮነቱን ትቶ ጎበጥና ጎድጎድ የሚሉ መስመሮች ይሆናል። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው የተለበጠበት ዚንክ ነው፤ ሚስማር የበሳው ወይም መቀስ የቆረጠው ጠርዝ ላይ ልባጩ ይላጣል፣ ዝገቱም ከዚያች ቀዳዳ ተነስቶ በጎድጓዳው ይዞ ቁልቁል ይወርዳል፣ ዝናብ ያገኘው ኩል መስሎ። ብዙ ክረምት ያሳለፈ ቆርቆሮ ላይ እያንዳንዱ ሚስማር የየራሱን ቡናማ መስመር ጎትቶ ይታያል፤ የትኛው ቀድሞ እንደተመታ፣ የትኛው ጠሞ እንደገባና እንደገና እንደተመታ ይለያል። ሳር ክዳን ፈላጊው ይህን ሲያይ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። አብስትራክት አንሺው ለሳሩም ለቆርቆሮውም በእኩል ጉልበት ይንበረከካል። ጀሪካኗም ቦታዋን አትለቅም፤ ትከሻዋ ብቻ በምስሉ ጥግ ገብቶ፣ ቡናማና ጥቁር የሞላበትን ፎቶ የሚያነቃ ቢጫ ይሆናል። ከግቢው አንድም ዕቃ ሳይነሳ ሥራው አለቀ፤ አባወራውም ቡናቸውን እየጠጡ ነው።

ሳር ቤቱም ቢሆን ተጠግተው ሲያዩት ከፖስትካርዱ የሚበልጥ ብዙ ነገር አለው። የጭቃ ግድግዳን እንውሰድ። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይታሰራል፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ይቦካል፣ ከዚያ በእጅ ይመረጋል። ሸክላማ አፈር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል፤ ጭዱ የሚገባው አፈሩን አያይዞ ስንጥቁን እንዲገታ ነው። በመጨረሻ እበት የገባበት ልስን በመዳፍ ይለሰናል፣ የመዳፉም አዙሪት እዚያው ደርቆ ይቀራል። ከአሥር ሜትር ርቀት ይህ ሁሉ ሙያ «ቡናማ ግድግዳ» ነው። ከአንድ ክንድ ላይ ግን ቅስት በቅስት ላይ የተደረበበት፣ የጭድ ሰረዝ የተበተነበት፣ ስንጥቁ መረብ የሠራበት ሰፊ አገር ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ሌላ ቀለም አለ። የምድጃው ጭስ ዓመት ከዓመት እየወጣ ወራጁንና ቀርቀሃውን በጥቀርሻ ለብጦታል፤ ጭሱ ነፍሳትን ስለሚያርቅ ማንም ሊጠርገው አይቸኩልም፤ እንዲያውም ለዘር የተመረጠው በቆሎ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፣ ነቀዝ እንዳይነካው። በበሩ የገባው ብርሃን የወራጁን ጠርዝ ብቻ ዳብሶ ያልፋል፤ የቀረው የትኛውም የፎቶ ወረቀት በቀላሉ የማያወጣው ጥቁር ነው። (ፎቶ አንሺው ሚካኤል ጸጋዬ ሥዕል ተምሮ ካበቃ በኋላ ወደ ካሜራ የዞረው የዘይት ቀለም አለርጂ ሆኖበት ነው ይባላል። እሱን የመሰሉ ሰዎች ወደ ካፋ ጣሪያ ሥር ሲመጡ ጥቀርሻም እንደሚያስነጥስ ቢነገራቸው መልካም ነው።) ጎተራው ደግሞ የሽመና ሥራ ነው፤ ከደጋው ከአዲዮ በኩል የሚገኘው ቀርቀሃ ተሰንጥቆ አንዱ ከላይ አንዱ ከሥር እየተላለፈ ክብ ይሆናል፤ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት እግሮች ላይ የሚቆመው አይጥና እርጥበት እንዳይደርሱበት ነው። የተሰነጠቀው ቀርቀሃ ከውጭ በኩል የሚያብለጨልጭ፣ ከውስጥ በኩል የደበዘዘ ነው፤ ሸማኙ ሁለቱን ፊት ሲያፈራርቅ ጎተራው ላይ የብርሃንና የጥላ ጥለት ይወጣል። ያንን ጥለት የሰዓሊ ነው ቢሉት ማን ይከራከራል?

ብርሃኑም የራሱ ጠባይ አለው። ቦንጋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ በቀጥታ ትቆማለች፣ ክዳኑ ያልከለለው ግድግዳ ላይ ያለች ትንሽ ጉብታ ሁሉ ረጅም ጥላ ቁልቁል ትጥላለች። የመዳፍ አዙሪቱ ፊደል በፊደል የሚነበበው ያኔ ነው። የነሐሴዋ ፀሐይ ግን ከደመና በላይ ስለምታልፍ መኖሯን የሚመሰክረው የቀን መቁጠሪያው ብቻ ነው። ለደመናም ቢሆን ወዳጅ አይጠፋውም። ጀርመኖቹ ባልና ሚስት በርንድና ሂላ ቤሸር እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምረው የውሃ ማማ፣ የእህል ጎተራና የማዕድን ማውጫ ሕንፃ ሲያነሱ፣ ጥላ ቅርጹን እንዳያዛባው ደመናማ ቀን ይመርጡ ነበር። ቦንጋ ቢኖሩ ኖሮ ምርጫው በተፈጥሮ ተሠርቶላቸው ብዙ ጊዜ በተረፋቸው።

ከካፋ የግብርና ሕንፃ ሁሉ ግን ለዚህ ዓይነት ፎቶ የተፈጠረው የቡና ማድረቂያው አልጋ ነው። አልጋ ሕንፃ ነው ወይ የሚል መሐንዲስ ቢኖር፣ እግር አለው፣ ወለል አለው፣ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያ ያወጣል፤ ከብዙ ኮንዶሚኒየም ቀድሞም ተጠናቆ ለነዋሪው ተላልፏል። ቋሚዎች ተተክለው፣ ወገብ ከሚደርስ ከፍታ ላይ የቀርቀሃ ርብራብ ወይም የሽቦ ወንፊት ይዘረጋና፣ ነፋስ ከሥርም ከላይም እንዲያገኘው ቡናው በላዩ ይሰጣል። ለቀማው ከመስከረም ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። ሳይፈለፈል የሚደርቀው እሸት መጀመሪያ ቀን ቀይ ነው። ቀስ በቀስ ይጠቁራል፣ ልጣጩ ይጨማደዳል፣ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጀንፈሉ በእጅ ሲዘገን ሲንኮሻኮሽ አልጋው ጥቁር ቡናማ ነው። ከመፈልፈያ ወጥቶ ታጥቦ የሚሰጣው ደግሞ ሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ነጣ ብሎ ይጀምርና እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ገደማ ሲወርድ ከገለባው ሥር ያለው ፍሬ አረንጓዴ ቢጤ ሆኖ ያበቃል። ሠራተኛዋ ሻጋታ እንዳይዘውና እኩል እንዲደርቅ ቀኑን ሙሉ በእጇ ታገላብጠዋለች። ጣቶቿ በፍሬው መሀል ቦይ ከፍተው ያልፋሉ፤ ተመልሳ ስትመጣ ያ ቦይ ጠፍቶ ሌላ ይከፈታል። ከአልጋው በላይ ቀጥ ብሎ ቁልቁል የተነሳ ፎቶ ይህን ሁሉ ይይዛል፦ የፍሬውን ነጠብጣብ፣ የጣቶቹን ቦይ፣ ፍሬው በሳሳበት በኩል ብቅ የሚለውን የሽቦ መረብ። ዛሬ ያልተነሳው ቀይ ነገ የለም፤ አልጋው ለማንም አይጠብቅም። ዓለም ስለ ካፋ ቡና ፎቶ አጥቶ አያውቅም። አብዛኛው ግን አንዲት ለቃሚ ቀይ ፍሬ በመዳፏ ዘግና ወደ ካሜራው ፈገግ የምትልበት ነው፤ ፈገግታዋም የታዘዘ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። አልጋውን ማንም ፈገግ በል አይለውም።

እዚህ ላይ «ይሄ እኮ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» የሚል ሰው መነሳቱ አይቀርም። ካሜራ ማስጠጋቱ እርግጥ ከዚያ ነው የመጣው። አሜሪካዊው ፖል ስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1916 ኮኔቲከት ውስጥ ከአንድ በረንዳ አጥር በክብ ጠረጴዛ ላይ የወደቀውን ጥላ አንስቶ፣ በረንዳም ጠረጴዛም የማይመስል ፎቶ አወጣ። ወዲያው ቻርልስ ሺለር በፔንስልቫኒያ ባክስ ካውንቲ ከአንድ የገበሬ ነጭ ጎተራ ፊት ቆሞ ሳንቃውና ልስኑ ምስሉን ከሞላ ጎደል እንዲሞሉት አደረገ፤ ይኸው ግድግዳ ዛሬ የፎቶግራፍ ታሪክ በተጻፈበት ሁሉ ይጠቀሳል። ረቂቅ ነገር ማየትን ግን ከፔንስልቫኒያ አልተበደርንም። መሶብ የምትሰፋ ሴት ዘንድ ጎረቤት መጥታ «እሜትዬ፣ ይሄ ሦስት ማዕዘን ሰው ነው ወይስ ዛፍ?» ብላ አትጠይቃትም። የቀሚስ ጥለት ምን እንደሚመስል እንጂ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። በብራና መጻሕፍት ራስጌ የተሣሉት ሐረጎች ለዘመናት ተጠላልፈው የኖሩት ታሪክ ሳይተርኩ ነው። በድሮው የአሥር ብር ኖት በአንዱ ገጽ ስፌት የምትሰፋ ሴት፣ በሌላው ትራክተር ነበር፤ ረቂቅ ጥበብና ግብርና በአንድ ወረቀት ላይ ታትመው ማንም ግራ አልተጋባም። ግራ የገባን በኋላ፣ አሥር ብር ምን እንደሚገዛ ሲጠፋን ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ትምህርቱ ተመልሶ ረቂቅ ሥዕሎቹን ለአዲስ አበባ ካሳየ እንኳ 60 ዓመት አልፏል፤ እንግዳ ይህን ያህል ዘመን ከቆየ ወይ ቤተኛ ነው፣ ወይ አስተናጋጁ ረስቶታል። ለጭቃውም ቢሆን ምስክር አለ። መስከረም አሰጉድና ኤልያስ ስሜ በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ኤልያስ በጭቃው ላይ ያወጣቸውን ቅርጾች ከተሜው ቆሞ ያደንቃል፣ አጠገባቸውም ፎቶ ይነሳል። ያው ጭቃ ካፋ ላይ ሲሆን እማወራዋ እንግዳ ስትቀበል «ቤታችን ጭቃ ነው፣ ይቅርታ» ትላለች።

«ልጄም በስልኬ ሳያስበው ያነሳዋል» ለሚሉት መልሱ አጭር ነው። ያነሳዋል። በሁላችንም ስልክ ውስጥ የኪስ ጨለማ፣ የወለል ጥግና የግማሽ ጫማ ፎቶ ሞልቷል። ሥራው ከዚያ ሁሉ መሀል «ይህቺ ትቀመጥ፣ የቀሩት ይጥፉ» ማለቱ ላይ ነው፤ ለምን እንደተቀመጠች ሲጠየቁም መልስ መስጠቱ ላይ። የፈገግታ፣ የፀሐይ ግባትና የሕፃን ዓይን እርዳታ የሌለው ፎቶ የሚቆመው በመስመሩና በጠርዙ ብቻ ነው፤ አንድ ጣት ወደ ግራ ቢሄድ ይፈርሳል። ሺለር ደግሞ እንጀራውን የሚያገኘው ለአርክቴክቶች ሕንፃ በማንሳት ነበር፤ ቤትን ሙሉ አድርጎ ማንሳት አቅቶት ወደ ግድግዳው የተጠጋ ሰው አይደለም።

ከዚህ የሚጠነክረው የታሪክ ሰዎች ተቃውሞ ነው። ጎተራው ነገ በማዳበሪያ ከረጢት ሲተካ፣ የልጅ ልጅ ምን እንደሚመስል የሚያየው ከየት ነው? የተሸመነ ቀርቀሃ ቁራጭ አሳይተውት ጎተራ ይህ ነበር ሊሉት ነው? ተገቢ ጥያቄ ነው። የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 ከወደቀ በኋላ በ1905 እና በ1909 ወደዚያ የሄደው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር፣ ያየውንና የሰማውን በሁለት ቅጽ መጽሐፍ አድርጎ በ1920 እና በ1923 ባያሳትም ኖሮ ስለ ጥንቱ ካፋ የምናውቀው ብዙ ነገር ይጎድል ነበር። ቦንጋ ላይ ያለው የብሔራዊ ቡና ሙዚየምም የሚያስፈልገው እግሩ፣ ወገቡና ክዳኑ የሚታይ ጎተራ ነው። ይነሳ። ቤሸሮቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ እያንዳንዱን ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ከእግር እስከ ራስ፣ ሳያጌጡ አነሱት። በቬኒስ ቢየናሌ እ.ኤ.አ. በ1990 የተሸለሙት ግን በቅርጻ ቅርጽ ዘርፍ ነበር፤ መዝጋቢ ነን ብለው የሄዱ ሰዎች ቀራጺ ተብለው ተመለሱ። እኔ መዝገቡን አልነቅፍም። የምነቅፈው መዝገብ መስሎ የሚቀርበውን፣ ጀሪካን የተነሳበትን ፎቶ ነው። የቤቱ ቅርጽ እውነት ቢሆን እንኳ ዓመተ ምሕረቱ ሐሰት ነውና። የቅርቡ ፎቶ በአንጻሩ ስለ ዘመን የሚናገረው አንዳች ሐሰት የለም፤ ቀርቀሃው እንዴት እንደተሰነጠቀ፣ ማሰሪያው ልጥ ይሁን ሽቦ፣ ሚስማሩ ስንት ጊዜ እንደተመታ ያሳያል። ከአሥር ሜትር የተነሳ ማኅደር እነዚህን አያውቃቸውም።

ለወገኔ ማድላት እንዳይመስልብኝ፣ ቅርጽ ወዳዶቹም ጀሪካን ሲያነሱ እንደተያዙ መናገር አለብኝ። ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው መጽሐፉ የአሜሪካ አህጉርን የእህል ጎተራዎች ንጹሕ ቅርጽ ብሎ ሲያወድስ፣ ከቦነስ አይረስ የመጣው ፎቶ ላይ ጎተራው አናት ላይ የነበረውን ጌጥ አስፍቆ ነው ያተመው። ጌጡ ሙሉ ሆኖ የሚታይበት ፎቶ ቀደም ብሎ በ1913 ጀርመን ውስጥ በአርክቴክቱ ግሮፒየስ በኩል ታትሞ ስለነበር ነገሩ ተደብቆ አልቀረም። ገበሬና ነጋዴ ጎተራቸውን ማስጌጥ እንደሚወዱ መቀበል ከበደው። ልዩነቱን አጥብቄ የምይዘውም ለዚህ ነው፦ መጠጋት አንድ ነገር ነው፣ መፋቅ ሌላ። ጠርዝ ቆርጦ የሚያስቀር ፎቶ «የቀረውን አላሳየሁም» ይላል፤ የፋቀው ግን «የቀረ የለም» ይላል።

የቱሪዝም ሰዎችም ቅሬታ አላቸው። ካፋ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብላለች፤ ጎብኚ ትፈልጋለች፤ ጎብኚ ደግሞ ዝገትና ስንጥቅ ሊያይ አይመጣም። ልክ ነው፣ የሚመጣው ለደኑ፣ ለቡናው፣ ለማሩ ነው። ግን እስቲ በጸዳው ፖስትካርድ ተስቦ የመጣውን ሰው አስቡት። ቦንጋ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የክልል መንግሥት መቀመጫ የሆነች፣ ባጃጅ የሚጋፋባት ከተማ ናት፤ ከከተማው ወጥቶ ወደ ጊምቦ ወይም ወደ ዴቻ መንገድ ሲገባ የሚያየውም ቆርቆሮ ለብሶ በፀሐይ የሚያንጸባርቅ መንደር ነው። ያን ጊዜ «ተበላሽቷል» ብሎ ያማርራል። የተበላሸ ነገር የለም፤ ሰው ቤቱን አደሰ። በፖስትካርድ የተታለለ እንግዳ አስተናጋጁን ሲወቅስ መስማት ደግሞ ለቱሪዝም ምን ይጠቅማል?

አሁን የሚቀረው የምፈራው ተቃውሞ ነው፤ በዚህ ሁሉ መጠጋት መሀል ሰውዬው የት ሄዱ? ቤት ስንቆርጥ ባለቤቱንም ቆርጠናል። የእማወራዋ መዳፍ ያወጣው አዙሪት አዲስ አበባ ጋለሪ ገብቶ «ቅንብር ቁጥር 7» ይባላል፣ ገዢው ስለ ጥልቀቱ ይናገራል፣ ፊርማው የፎቶ አንሺው ነው። ይህ ቀልድ አይደለም፤ የሰው ሙያ ወስዶ በራስ ስም መሸጥ ነው። ስለዚህ «ቅንብር ቁጥር» የሚባለው ነገር መቅረት አለበት። ከፎቶው ሥር የሚጻፈው የማን ግድግዳ እንደሆነ፣ ማን እንደለሰነው፣ ባለቤቶቹ ስማቸው እንዲወጣ ከፈቀዱ ደግሞ ስማቸው ነው፤ ከሽያጩም ድርሻ ይታሰብላቸው። አልጋ ላይ ቡና የምታገላብጠዋ ሠራተኛ የቀን ሂሳቧ የታወቀ ነው፤ የጣቶቿ ቦይ ለብቻው ሲሸጥ ሂሳቡ ለምን ይጠፋል?

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ባለቤቱ ጠፉ የሚለው አባባል ግማሹን ብቻ እውነት ይመስለኛል። የጠፉት ለኛ ነው። ለአዲስ አበባው ተመልካች ረቂቅ የሆነው ፎቶ ግድግዳ ሲመርግ ለኖረ ሰው ረቂቅ አይደለም፤ የሚያውቀውን ነገር በሚያውቀው ርቀት፣ ማለትም እጅ በሚደርስበት ርቀት፣ የተነሳ ተራ ፎቶ ነው። ግድግዳ የሚለስን ሰው ግድግዳውን ከአሥር ሜትር ቆሞ አይለስንም። ጎተራ የሚሸምን ሰው የሚያየው መዳፉ ሥር ያለውን ቀርቀሃ ነው። ሙሉውን ቤት ከነዛፉና ከነጭጋጉ ከሩቅ የሚያየው መንገደኛ ነው። እንግዲህ የትኛው ፎቶ ነው የባለቤቱን ዓይን የያዘው?

ይህ ትክክል ከሆነ ኤግዚቢሽኑ መከፈት ያለበት አዲስ አበባ ሳይሆን ቦንጋ ላይ ነው፤ ግድግዳ እንደሁ አይጠፋም። ከጋለሪ የመጡት እንግዶች ወይን ይዘው ከአንዱ ፎቶ ወደ አንዱ እያለፉ ስለ ባዶነትና ስለ ትዝታ ይነጋገሩ፤ መብታቸው ነው። ከገጠር የመጡት አባወራና እማወራ ግን ከእያንዳንዱ ፎቶ ፊት ይከራከራሉ። ይህ ቀርቀሃ በዝናብ ወራት የተቆረጠ ነው፣ ለዚህ ነው ነቀዝ የበላው፤ ይህ ሚስማር ያለ ጎማው ተመትቷል፣ በሚቀጥለው ክረምት ያፈሳል፤ ይህ ቡና ደርቦ ስለተሰጣ ከሥር ይሻግታል። ሃያሲው «የጊዜ ቁስል» የሚል ርዕስ ከሰጠው ትልቁ የጭቃ ስንጥቅ ፊት ሲደርሱም እማወራዋ መነጽራቸውን አስተካክለው ጥቂት ያዩና «ጭዱ አንሷል፤ ተልጦ እንደገና ይመረግ» ብለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።